ከሽማግሌው በፊት መሃንዲስ ይምጣ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ጤና ይስጥልኝ።

ጋዜጣችሁን የምታስገዛኝ እናቴ ናት፣ ቅዳሜ ጠዋት አራት ኪሎ ወጥቼ ካላመጣሁላት ቡናውም አይጥማት፣ እና ባለፈው ሰሞን ስለ ቤት ግንባታ መጓተት ያወጣችሁትን ጮክ ብዬ ሳነብላት "የኛንስ ለምን አትፅፊላቸውም" አለችኝና ይሄው ፃፍኩ። እናንተ ያነሳችሁት ስላላለቀ ቤት ነው፣ የኔ ደሞ ያለቀ ቤት ጣጣ ነው፣ ቁልፍ ተረክበን፣ ቄሱ ፀበል ረጭተውት፣ ጎረቤት ተጠርቶ ተበልቶ ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ የሚመጣው።

ቤታችን ቀበና ነው። አባቴ ጥሎልን ያለፈው የጭቃ ቤት ነበር፣ ግድግዳው ሆዱን እየነፋ ጣሪያው እያፈሰሰ ሲመጣ እኔ ከደሞዜ ያጠራቀምኩትን፣ እናቴ የእቁብ እጣዋን፣ ዱባይ ሹፌር የሆነው ወንድሜ ደሞ በየወሩ የሚልከውን አንድ ላይ አድርገን በ2014 ጥቅምት ላይ አፍርሰን ጂ ፕላስ ዋን ጀመርን። ከታች ሳሎን፣ ኩሽናና የእናቴ መኝታ፣ ከላይ ሁለት መኝታ ቤት ከሻወር ጋር እና ትንሽ በረንዳ። ትልቅ ቤት አይደለም ግን ሶስት ሰው የእድሜውን ያፈሰሰበት ነው።

ኮንትራክተሩን ያመጣልን የእድራችን ሰው ነው። ስሙን አልፅፍም፣ ፈርቼ ሳይሆን ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘን እናቴን "እማዬ" ብሎ ጉልበቷን ስሞ የሚያልፍ ሰው ስለሆነና ነገሩ በመጨረሻ እንዴት እንደተፈታ ስለማውቅ ነው። የተዋዋልነው በእጅ ዋጋ ነበር፣ እቃው ከኛ፣ ጉልበቱና ሙያው ከሱ። ውሉ አንድ ገፅ ተኩል ነው፣ ፅህፈት ቤት አስተይበን ሶስት ምስክር ፈረመበት፣ እኔ የሂሳብ ሰራተኛ ስለሆንኩ የክፍያውን አንቀፅ በደንብ አየሁትና የቀረውን ገረፍ ገረፍ አድርጌ አለፍኩ። መጨረሻ ላይ "ርክክብ ከተፈፀመ በኋላ ኮንትራክተሩ በቤቱ ላይ ምንም አይነት ሃላፊነት አይኖርበትም" የሚል መስመር ነበር። ያኔ ምኑም አልከበደኝም፣ ይሄ በየፅህፈት ቤቱ ከአንዱ ውል ወደ አንዱ ውል እየተገለበጠ የሚሄድ መስመር ነው።

ስራው አንድ አመት ከስምንት ወር ፈጀ። ሲሚንቶ የጠፋበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ፣ ፋብሪካ ዋጋውና ደላላው የሚጠራው ዋጋ ሰማይና ምድር የሆነበትን፣ አርማታ ይሞላል ተብሎ ቀን ተቆርጦ ሰራተኛ መጥቶ ሲሚንቶ የለም ተብሎ የሚበተንበትን። ይሄን የማነሳው ለኮንትራክተሩም ፍትሃዊ ለመሆን ነው፣ ያ መቆራረጥ ስራ እንደሚያበላሽ በኋላ ቤቱን ያዩልን መሃንዲስ ነግረውናል። ግን ሁሉም ነገር በሲሚንቶ የሚሳበብ አልነበረም። አንድ ቀን የሳሎኑ ጥግ ያለው ኮለን፣ ማለትም ምሰሶው፣ ሲሞላ አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቀው ቪብሬተር ተበላሽቶ ነበርና ልጆቹ በቁራጭ ፌሮ እየጎረጎሩ ሞሉት፣ ካሳፎርማው ሲፈታ ከታች በኩል አንድ ክንድ ያህል ቦታ ጠጠሩ ፈጦ ልክ የማር እንጀራ መስሎ አየሁት። ፎርማኑን "ይሄ ምንድነው" ስለው "ችግር የለውም እህቴ፣ ልስን ሲገባበት ይሸፈናል" አለኝ። ተሸፈነም። ፎቶ እንኳን አላነሳሁም።

በ2015 ግንቦት ተረከብን። ፀሀይ ነው፣ ቀለሙ ያበራል፣ ሴራሚኩ ይስቃል፣ እናቴ እልል እያለች ነው፣ የቀረውን 85 ሺህ ብር እዛው ቆሜ በሞባይል አስተላለፍኩለት። አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ቤት በግንቦት መረከብ ማለት ጫማ ተቀምጦ መለካት ማለት እንደሆነ ያወቅኩት ሐምሌ ሲገባ ነው።

መጀመሪያ የሳሎኑ ጂፕሰም ላይ የሳንቲም ስፋት ያላት ቢጫ ነገር ታየች፣ ከላይ የሻወሩ ቦታ ስር ማለት ነው። በሳምንቱ ሰሃን አከለች፣ ከዛ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። በረንዳው ደሞ ዝናቡን ወደ ውጪ መልቀቅ ሲገባው ወደ በሩ ይልከውና መኝታ ቤቱ ውስጥ ይገባል፣ ሌሊት ተነስተን በጨርቅ እየመጠጥን በባልዲ እንጨምቃለን። ልስኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ በየቦታው። ይሄን ሁሉ ችለን ነበር፣ ነሐሴ ላይ ግን እናቴ ከላይ ልብስ አስጥታ ስትወርድ ደረጃው ላይ ወደቀችና የግራ እጇ ተሰበረ። እግሯ የሳተበት ደረጃ ከሌሎቹ ይለያል፣ አይን አያየውም እግር ግን ያውቀዋል፣ እኔም ስንቴ እዛች ቦታ ላይ ተደናቅፌ በራሴ ፈርጄ አልፌያለሁ። ሁለት ወር በጄሶ ቆየች።

ከዛ በኋላ የሆነውን ቤት የሰራ ሁሉ ያውቀዋል። ትደውላለህ፣ ነገ እመጣለሁ ይልሃል፣ ነገ ሳይት ነኝ ይልሃል፣ በሶስተኛው ስልኩ አይነሳም። ሲመጣም "ልስን የማይሰነጠቅበት ቤት አሳዩኝ፣ ሴራሚኩን የገዛችሁት እናንተ ናችሁ፣ ቧንቧውም የናንተ እቃ ነው፣ መሬቱም ቁልቁለት ነው፣ ደሞ ተረክባችኋል ፈርማችኋል" አለ። እኔም ተናደድኩ፣ የማይባል ነገር ተናገርኩ፣ ሌባ ብዬዋለሁ፣ ይሄን ሳስብ ዛሬም ያሳዝነኛል ምክንያቱም ሰውየው ሌባ አልነበረም።

በእድሩ በኩል ሶስት ሽማግሌ ተቀመጠ። የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ አንዳቸው እኔን ክርስትና ያነሱ ናቸው፣ ጊዜያቸውን ሰውተው ሁለት እሁድ መጥተው ቡናችንን ጠጥተው ሁለታችንንም ሰሙን። መጨረሻ ላይ "እሱም ልጃችን ነው እሷም ልጃችን ናት፣ ጥገናው 60 ሺህ ይፈጃል ካላችሁ 30 እሱ 30 እሷ ታውጣና ይቅር ተባባሉ" ብለው ወሰኑ። ተሳሳምን። እሱ ሰራተኛ ልኮ የሻወሩን ሴራሚክ መጋጠሚያ በነጭ ሲሚንቶ አስደፈነው፣ ጂፕሰሙን ቀባልን። በሶስተኛው ሳምንት ያቺ ቢጫ ሰሃን እዛው ቦታዋ ላይ ተመልሳ መጣች።

እንግዲህ ዋናው የምለው እዚህ ጋ ነው። ሽምግልናን የምጠላ እንዳይመስላችሁ፣ ሽምግልና ባይኖር እኔና ያ ሰው ዛሬ ሰላም አንባባልም ነበር። ግን ሽማግሌዎቻችን የለመዱት የባልና ሚስት፣ የድንበር፣ የውርስ፣ የብድር ነገር ነው፣ እዛ ላይ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ሲለቁ ነገር ይበርዳል። የሚያፈስ ወለል ግን እኛ ስለታረቅን ማፍሰሱን አይተውም። ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ ማንም ሳያውቅ ማን ይክፈል ብሎ መወሰን አይቻልም፣ ስልሳ ሺውም ቢሆን ከየት እንደመጣ ማናችንም አናውቅም፣ እሱ የገመተው ነው። እኛ የተጣላነው በግምት፣ የታረቅነውም በግምት ነበር።

የአክስቴ ልጅ ህግ ጨርሳ ጠበቃ ቢሮ ተለማማጅ ናት። ውሉን አይታ ያቺን የመጨረሻ መስመር ጣቷን አስቀምጣባት "ይቺ እኮ ምንም ዋጋ የላትም" አለችኝ። የ1952ቱን የፍትሐብሄር ህግ አወጣችና ቁጥር 3039ን አነበበችልኝ፣ የህንፃ ስራ ተቋራጭ ለሰራው ስራ ትክክለኛነትና ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 አመት ዋስ ነው ይላል፣ በአሰራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚመጣው ጉዳትም ጭምር፣ ይሄን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ደሞ ፈራሽ ነው። አስር አመት! እኔ ተረክበሽ ፈርመሻል ስባል አፌ ተይዞ ስንት ወር አለቀስኩ። "መሬቱ ቁልቁለት ነው"፣ "መሬቱ ዋልካ ነው" የሚባለውም በየሰፈሩ የምንሰማው ምክንያት ህጉ ፊት ማምለጫ አይደለም ማለት ነው፣ መሬቱን አይቶ መሰረት ማውጣት የሙያተኛው ስራ ነውና።

ደሞ ይሄ ለኛ ለራሳችን ግቢ ሰሪዎች ብቻ አይደለም አለችኝ። ገና ያልተሰራ ቤት ወይም አፓርታማ ሰርቶ ለማስረከብ የሚገባ ውል በህጋችን የሚታየው እንደ ህንፃ ስራ ውል ነው፣ ስለዚህ ከሪል ስቴት ገና በፕላን ላይ እያለ ገዝተው ገብተው የሚያፈስ ጣሪያ የገጠማቸው ሰዎች "ገዝታችኋል በቃ" ሲባሉ ዝም ማለት የለባቸውም። ካዛንቺስ አካባቢ ህንፃ ላይ አፓርታማ የገዛች የስራ ባልደረባዬ አለች፣ እዛ ህንፃ ላይ እያንዳንዱ ለየብቻው ነው ቢሮ እየሄደ የሚለምነው፣ ተሰብስበው ገንዘብ አዋጥተው አንድ መሃንዲስ ቢያስገቡ ለእያንዳንዱ ስንት እንደሚደርሰው ማስላት ከባድ አይደለም።

የአክስቴ ልጅ ሁለተኛ የነገረችኝ ነገር ማስጠንቀቂያ ነው። ህጉ ሌላኛው ወገን ውሉን አልፈፀመም ብለህ ከመጠየቅህ በፊት መጀመሪያ ግዴታህን ፈፅም ብለህ ማስጠንቀቂያ እንድትሰጠው ይፈልጋል፣ በቁጥር 1772 ላይ አለ። የኔ መቶ ጊዜ መደወል፣ ቴሌግራም ላይ በድምፅ መቆጣት እንደ ማስጠንቀቂያ ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ፃፍን፣ አንድ ገፅ፣ የታየውን ጉድለት በየክፍሉ፣ የታየበትን ቀን፣ ፎቶ አያይዘን፣ በ15 ቀን ውስጥ መጥተህ መሃንዲስ ባለበት እንየው የሚል። ስድብ የለበትም፣ ሌባ የለበትም። ሁለት ኮፒ ወስጄ አንዱን ሰጥቼው አንዱ ላይ ፈርሞ ተቀበለኝ።

መጀመሪያ ተቆጣ። "ከሰስሽኝ ማለት ነው?" አለኝ። አይደለም አልኩት፣ ህጉን ግን አሳየሁት። ፊቱን አይቼዋለሁ፣ ሰውየው አላወቀም ነበር፣ 18 አመት ቤት ሲሰራ ሃላፊነቴ አንድ አመት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው፣ እሱም ከሌላ ሰምቶ ነው። ዝም ብሎ ቆየና "እሺ መሃንዲሱን ማን ይመርጣል?" አለ። ይቺ ጥያቄ ናት ሁሉን ነገር የቀየረችው፣ ምክንያቱም እኔ ብመርጠው የሷ ሰው ነው ሊል ነው፣ እሱ ቢመርጠው እኔ እንደዛው። እኔ ሶስት ስም ሰጠሁት፣ እሱ ሁለቱን ሰርዞ አንዱን ተወው፣ ክፍያውን ለሁለት ከፈልን። ለሁለት መካፈል ያለበት እሱ ነበር፣ የመሃንዲሱ ክፍያ።

የመጡት ጡረታ የወጡ፣ ድሮ የመንግስት ህንፃ ሲቆጣጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁለት ቀን ፈጀባቸው፣ ያደረጉትን ሁሉ ዘርዝሬ ልፃፈው ምክንያቱም አብዛኛው ማንም ቤቱ ውስጥ ሊያደርገው የሚችል ነው።

መጀመሪያ ቧንቧ ሁሉ አስዘጉና ቆጣሪው ጋ አንድ ሰአት አስቆሙን፣ ንቅንቅ አላለም። "የሚመጣው ውሃ መስመር ደህና ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ወይ ወለሉ ነው ወይ የሚሄደው መስመር" አሉ። ከዛ የሻወሩን የወለል ቀዳዳ በላስቲክና በጨርቅ ጥቅጥቅ አድርገው ደፈኑትና ሶስት ጣት ያህል ውሃ አስሞሉት፣ ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበትን በእርሳስ አስምረው ቀንና ሰአት ፅፈው ሁለታችንንም አስፈረሙን። በሩ ተዘጋ። በነጋታው ልክ በሰአቱ መጥተው ሲከፍቱት ውሃው ከመስመሩ አንድ ጣት ተኩል ወርዷል፣ ሳሎኑም ያንጠባጥባል። ከዚህ በኋላ ክርክር የለም፣ ኮንትራክተሩ ራሱ በአይኑ አይቷል። ሴራሚኩ ሲነሳ ከስር ያለው የውሃ መከላከያ ወለሉ ላይ ብቻ ተቀብቶ ግድግዳው ላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር መውጣት ሲገባው አልወጣም፣ ጥጉ ባዶ ነው። ቧንቧውም ሴራሚኩም ምንም አላጠፉም።

ግን አንድ ቦታ ላይ መከላከያው የተቀደደው በኔ ምክንያት ሆኖ ተገኘ። ከርክክብ በኋላ ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ብዬ ከሰፈር ቧንቧ ሰራተኛ ጠርቼ ወለሉን አስበስቼ መስመር አስቀጥያለሁ። ረስቼዋለሁ ማለት አልችልም፣ ያገናኛል ብዬ ግን ጭራሽ አላሰብኩም። መሃንዲሱ "ይሄ ያንቺ ነው" ብለው ለብቻው ፃፉት። ያን ቀን ነው ሰውየውን ሌባ ማለቴ የቆጨኝ።

በረንዳው ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ደፉ፣ በቃ፣ ወደ በሩ ሄደ። በአንድ ሜትር ቢያንስ አንድ ሴንቲ ወደ ውጪ መውረድ ነበረበት። ደረጃውን በሜትር አንድ በአንድ ለኩት፣ አስራ ስድስት፣ አስራ ስድስት፣ አስራ ስድስት፣ ከዛ አስራ ዘጠኝ፣ ከዛ አስራ ሶስት። እናቴ የወደቀችው አስራ ሶስቷ ላይ ነው። የሰው እግር ሁለት ሶስት ደረጃ ሲወርድ ልኩን ይይዘዋል፣ ከዛ አያይም፣ አምኖ ነው የሚረግጠው አሉን። ኮንትራክተሩ ይሄን ሲሰማ ምንም አልተናገረም፣ ወደ እናቴ ክፍል ገብቶ ቁጭ አለ።

ኮለኑ ጋ እኔ ነኝ የወሰድኳቸው። ልስኑን አስመቱት፣ ያ የማር እንጀራ እዛው አለ፣ አንዷ ፌሮ ላይ ዝገት ጀምሯል። ሽሚት ሃመር የሚሉትን የአርማታ ጥንካሬ መለኪያ ይዘው መጥተው ነበር፣ ላይኛው የኮለኑ ክፍል ላይ በየቦታው እየጫኑ ቁጥር መዘገቡ፣ ደህና ነው፣ የተበላሸው ያቺው አንድ ክንድ ናት። ልቅ የሆነው ተፈልፍሎ ወጥቶ፣ ፌሮው በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ ሲደርቅ በማይኮማተር ግራውት፣ ማለትም በሲሚንቶ ሙሌት፣ እንዲሞላ አዘዙ። ይሄ ሳይታይ አስር አመት ቢቀመጥ ምን እንደሚሆን ስጠይቃቸው "እንኳን አየነው" ብቻ አሉኝ።

ልስኑ ላይ ያለውን የፀጉር ስንጥቅ ግን፣ እኔ በጣም የተጨቃጨቅኩበትን፣ "ይሄ አያጣላችሁም" አሉ። ልስን ሲደርቅ የሚመጣ ነው፣ በተለይ ውሃ በደንብ ካልጠጣ። ብሎኬቱና ኮለኑ የሚጋጠሙበት ላይ ወንፊት ሽቦ ቢገባ ኖሮ ባልታየ ነበር። ሁለቱን ሰፋ ያሉትን ጫፍ ጫፋቸውን በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀን ፃፉባቸው፣ እየረዘመ ከሄደ ደውይልኝ አሉ። እስካሁን እዛው ናቸው።

ሪፖርቱ አራት ገፅ ነው። እያንዳንዱ ጉድለት፣ ምክንያቱ፣ የማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚጠገን፣ ስንት እንደሚፈጅ። ይሄን ይዘን እነዛው ሶስት ሽማግሌዎች ፊት ተመለስን፣ በዚህኛው ዙር አንድ እሁድ ብቻ ነው የፈጀው፣ እሱም ግማሹ ጨዋታ ነው። የሻወሩን ወለል፣ በረንዳውን፣ ደረጃውንና ኮለኑን እሱ በራሱ ወጪ፣ የማሽኑን መስመር እኔ፣ ልስኑን ተውነው። የእናቴን ህክምና እሷ ራሷ "ተወው ልጄ" ብላ ሻረችለት፣ እሱ ግን የሁለት ወር ወጪዋን አምጥቶ ትራሷ ስር አስቀምጦላት ሄደ። በፅሁፍ ሆነ፣ ተፈረመ፣ ስራው በጥር 2016 አለቀ። እንዳለቀም ሻወሩ እንደገና ውሃ ሞልቶበት አደረ፣ መስመሩ ላይ ቆሞ አነጋ። ይሄው ሁለት ክረምት አልፎበታል፣ ጂፕሰሙ ደረቅ ነው።

ባይስማማስ ኖሮ? ልደታ መሄዳችን ነው። የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለውን የፍትሐብሄር ጉዳይ ያያል፣ በአዋጅ 1234/2013 ደሞ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባል ነገር መጥቷል፣ ማለትም ክስ ተከፍቶም ዳኛው ጋ ክርክር ከመግባታችሁ በፊት አስማሚ ፊት ቁጭ ብላችሁ መጨረስ ትችላላችሁ። ውላቸው ላይ በግልግል እንዳኛለን ብለው የፃፉ ደሞ የግልግል ዳኝነት አዋጁ አለላቸው፣ 1237/2013። ግን በየትም በኩል ብትሄዱ ዞሮ ዞሮ የሚጠየቀው ያው ነው፣ ባለሙያ ምን አለ? ስለዚህ ያ ሪፖርት ቀድሞ ቢኖር ብዙ ወር ይቆጠባል።

ለኮንትራክተሮችም አንድ ነገር ልበል፣ ይሄን ደብዳቤ የሚያነብ ካለ። እኛ ባለቤቶችም ቀላል ሰዎች አይደለንም። ፕላን ከፀደቀ በኋላ ሽንት ቤቱን ወዲህ አዙርልኝ፣ ደረጃውን ቀጠን አድርግልኝ፣ ርካሽ የውሃ መከላከያ አግኝቼልሃለሁ ይሄን ቀባ እንላለን፣ ከዛ ሲያፈስ አንተ ነህ እንላለን። እንዲህ ስንላችሁ እሺ ብላችሁ አትለፉን። ይሄ እቃ አይሆንም፣ ይሄ ለውጥ ይሄን ያመጣል ብላችሁ በፅሁፍ ስጡንና አስፈርሙን፣ እናንተንም የሚያድናችሁ እሱ ነው። የኛ ሰውዬ አሁን እንደዛ ያደርጋል፣ ደብተር ይዞ ነው የሚዞረው፣ በረንዳ ሁሉ ላይ ባልዲ ውሃ ይደፋል ብለው ሳይቱ ላይ ያሉት ልጆች ነግረውኛል።

ቤት ልትሰሩ ላሰባችሁ ደሞ፣ ከመጨረሻው ክፍያ ላይ የተወሰነውን ያዙ፣ በትልልቅ ኮንትራት ላይ 5 በመቶ ያህል ለአንድ አመት መያዝ የተለመደ ነው፣ ያ አንድ አመት ውስጥ አንድ ሙሉ ክረምት መኖሩን አረጋግጡ። ውሉ ላይ ሲፃፍ ማንም አይከፋውም፣ በመጨረሻ ቀን ቁልፍ ሲቀበሉ አልከፍልም ማለት ነው ሰው የሚያጣላው። ካሳፎርማ ሲፈታ ፎቶ አንሱ፣ ቧንቧና ኤሌክትሪክ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ርክክብ ላይ ሴራሚኩን በሳንቲም መታ መታ አድርጉት፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ስሩ ሲሚንቶ የለውም።

ከከተማችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። መቶ ካሬ ላይ ቤት የሚሰራ ሰው አማካሪ ድርጅት መቅጠር አይችልም፣ ለትልቅ ህንፃ የተተመነ ዋጋ ነው የሚጠይቁት፣ እኔ ያገኘኋቸው ሰውዬ በሰው በሰው ተፈልገው ነው። በየክፍለ ከተማው ፈቃድ ያላቸውና እንዲህ ያለ የትንሽ ቤት ምርመራ ለመስራት ፈቃደኛ የሆኑ መሃንዲሶች ዝርዝር ከነመነሻ ዋጋው ቢለጠፍ፣ ጡረታ የወጡትም ጭምር፣ ስንቱ ጠብ በሁለት ቀን ስራ ያልቅ ነበር። እድሮችም ቢሆኑ ድንኳንና ወንበር እንደሚገዙት ሁሉ የአንድ መሃንዲስ ስልክ ቢይዙ ምን ይላችኋል፣ የኛ እድር ይዟል፣ ከኛ በኋላ ሁለት ቤት ተጠቅሞበታል።

ከናንተ ከአዘጋጆቹ ደሞ የምለምነው፣ አንድ የህግ ባለሙያና አንድ መሃንዲስ አስቀምጣችሁ ለእጅ ዋጋም ለሙሉ ኮንትራትም የሚሆን ቀላል የውል ናሙና አሰርታችሁ አንድ ገፅ ላይ አውጡልን፣ ሰው ቆርጦ ፅህፈት ቤት ይዞ እንዲሄድ። ያቺ "ከርክክብ በኋላ ሃላፊነት የለበትም" የምትል መስመር በምትኩ ምን እንደሚፃፍ እዛ ላይ ይግባ። ካወጣችሁት አርባ ኮፒ አስነስቼ ቀበና ያሉትን ፅህፈት ቤቶች በሙሉ እኔ ራሴ አዳርሳለሁ።

አክባሪያችሁ
ከቀበና፣ የቅዳሜ አንባቢያችሁና እናቷ